ምርቃትና መስፈሪያ

በአገራችን ቋንቋ አንድ ተማሪ ትምህርቱን ፈጽሞ ማስረጃውን ሲቀበል «ተመረቀ» ይባላል። ቃሉን ዘወትር ስለምንሰማው ምሥጢሩን አናስተውለውም እንጂ፣ መመረቅ ማለት በዕድሜ ወይም በዕውቀት ከሚበልጥ ሰው አፍ በጎ ቃል መቀበል ማለት ነው። አባት ልጁን፣ ሽማግሌ ሙሽሮችን፣ መምህር ደቀ መዝሙሩን ይመርቃል። ምርቃት ይሰጣል እንጂ አይነጠቅም፤ በገንዘብ የተገዛ እንደ ሆነም ምርቃት መባሉ ይቀራል። ተማሪው ከመመረቁ በፊት ሊያሟላው የሚገባውን ነገር ደግሞ «መስፈርት» እንለዋለን። ይህ ቃል ከመስፈር የመጣ ነው፤ እህል በቁና እንደሚሰፈር ሁሉ የተማሪም ድካም የሚሰፈርበት ዕቃ አለ ማለት ነው። እንግዲህ በአንድ ወገን ምርቃት፣ በሌላ ወገን መስፈሪያ ቆመዋል። አንዱ የልብ ነገር ነው፤ ሁለተኛው የቁጥር ነገር ነው። ወጣቶች ሆይ፣ በዚህ ጽሑፍ ልነግራችሁ የፈለግሁት ሁለቱ የሚስማሙበትንና የሚለያዩበትን ስፍራ ነው።

ይህን ነገር አጥብቄ እንዳስብ ያደረገችኝ የእኅቴ ልጅ ናት። በአሜሪካ አገር በአንድ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ መረጃ ሳይንስ የሚባለውን አዲስ ትምህርት ትማር ነበር። ይህ ትምህርት የአየሩን፣ የውኃውን፣ የአፈሩንና የደኑን ሁኔታ በመሣሪያ ለክቶ፣ የተለካውን በኮምፒዩተር አደራጅቶ፣ ከብዙ ሚሊዮን ቁጥር መካከል እውነቱን ለይቶ ማውጣትን የሚያስተምር ነው። ልጅቱ ለመመረቅ የሚጠየቀውን ነገር ሁሉ የያዘውን ዝርዝር ላከችልኝና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ እንደ ውል ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁት። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዚያ አገር ልማድ እንዲህ ነው። ዓመቱን በሁለት ሴሚስተር የሚከፍሉት ዩኒቨርሲቲዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ ብዙውን ጊዜ 120 ክሬዲት ይጠይቃሉ፤ በኳርተር የሚከፍሉት ደግሞ 180 ይጠይቃሉ። አማካይ ውጤቱ ከ4.0 ቢያንስ 2.0 መሆን አለበት። ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ ተማሪ እንኳ ከክሬዲቱ የተወሰነውን ክፍል፣ በብዙ ስፍራ 30 ያህሉን፣ ዲግሪውን በሚሰጠው ቤት ራሱ መማር ይኖርበታል። ከዚህ በኋላ የጠቅላላ ዕውቀት ትምህርት አለ፤ ይኸውም ጽሕፈት፣ ታሪክ፣ የኅብረተሰብ ጥናትና የመሳሰለው ነው። ከዚያም የሙያው ትምህርት ይከተላል፦ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ስታትስቲክስ፣ በፓይተንና በአር ቋንቋ ለኮምፒዩተር ትእዛዝ መጻፍ፣ የካርታና የሳተላይት ሥዕል አነባበብ፣ ኬሚስትሪና ሥነ ሕይወት፣ የመስክ ሥራ፣ የመረጃ አያያዝ ሥነ ምግባር። በመጨረሻም ተማሪው በእውነተኛ ችግር ላይ የሚሠራው የመመረቂያ ሥራ ይቀርባል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ተማሪው ራሱ «ልመረቅ» ብሎ በጊዜው ማመልከቻ ካላስገባ ስሙ በመዝገብ አይጻፍም።

ክሬዲት የሚባለው ነገር ምንድር ነው? በተለመደው አቆጣጠር አንድ ክሬዲት ማለት በሳምንት አንድ ሰዓት ከመምህር ፊት መቀመጥና ሁለት ሰዓት ያህል ለብቻ ማጥናት ነው፤ ይህም 15 ሳምንት ያህል ይቀጥላል። ስለዚህ አንድ ክሬዲት 45 ሰዓት ነው፤ 120 ክሬዲት ደግሞ 5,400 ሰዓት ይሆናል። ይህ አቆጣጠር ሥር የሰደደበትም ምክንያት የሚያስገርም ነው። አንድሩ ካርኔጊ የተባለው ባለጸጋ በ1905 ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ጡረታ የሚውል 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ጡረታውን የሚያድለው ድርጅት «ኮሌጅ» ለመባል የሚገባው የትኛው ቤት እንደ ሆነ መለየት ስላስፈለገው፣ ተማሪዎች ከመግባታቸው በፊት የተማሩትን በሰዓት እየቆጠረ መመዘን ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የሰዓቱ ቁና በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ። እንግዲህ ዛሬ ተማሪዎች ሌት ተቀን የሚጨነቁበት ቁጥር እንዲህ የተስፋፋው ዕውቀት ስለ ተመዘነበት አይደለም፤ ጡረታ ሲታደል ጊዜ ስለ ተቆጠረበት ነው።

ይህን ስል መስፈሪያውን ለመናቅ አይደለም። ቁና እህሉን አያበቅለውም፤ ነገር ግን ያለ ቁና ገበያ አይቆምም። ስሕተቱ ያለው ቁናውን እህል ነው ብሎ በማሰብ ላይ ነው። 5,400 ሰዓት ተቀምጦ ምንም ሳይዝ የሚወጣ ሰው አለ፤ በጥቂት ሰዓት ብዙ የሚይዝም አለ። ስለዚህ አስተዋይ ተማሪ «ስንት ክሬዲት ቀረኝ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አጠገቡ ሌላ ጥያቄ ማስቀመጥ ይገባዋል፤ ይኸውም «ይህ ትምህርት ከዝርዝሩ የገባው ስለ ምን ነው?» የሚለው ነው። እኔም ዝርዝሩን ይዤ ይህንኑ ጥያቄ በየተራው ጠየቅሁ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንመልከት። ከሰማይ የምትዞር ሳተላይት መሬትን ፎቶግራፍ ስታነሣ ለእኛ ሥዕል መስሎ ይታየናል እንጂ፣ ለኮምፒዩተር የቁጥር ሠንጠረዥ ነው። አሜሪካኖች ከ1972 ጀምረው በላንድሳት ሳተላይቶች መሬትን ሲያነሡ ኖረዋል፤ ከ2008 ወዲህም ይህ ሁሉ ክምችት ለማንም በነጻ ተከፍቷል። በተለመደው የላንድሳት ሥዕል አንዷ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር፣ ማለት 900 ካሬ ሜትር መሬት ናት። በዚያች ነጥብ ውስጥ ጎጆም፣ የጤፍ ማሳም፣ ሁለት የግራር ዛፍም ሊኖር ይችላል፤ ሳተላይቷ ግን ሁሉንም ደባልቃ ለአንድ የብርሃን ዓይነት አንድ ቁጥር ብቻ ትሰጣለች። ሊኒየር አልጀብራና ስታትስቲክስ ያልተማረ ሰው ያንን ቁጥር «ደን» ወይም «እርሻ» ብሎ ቢሰይመው፣ ስንት ጊዜ እንደሚሳሳት አያውቅም። ሒሳቡ ከዝርዝሩ የገባው ተማሪውን ለማስጨነቅ አይደለም፤ የማያውቀውን ነገር መጠን እንዲያውቅ ነው።

ሁለተኛው የመስክና የቤተ ሙከራ ትምህርት ነው። ብዙ ተማሪዎች «እኔ በኮምፒዩተር የምሠራ ሰው ነኝ፤ ጭቃ ውስጥ ምን አስገባኝ?» ይላሉ። ለእነዚህ ሰዎች የኦዞንን ታሪክ ብነግራቸው ደስ ይለኛል። ኦዞን ከፀሐይ ከሚመጣው ጎጂ ጨረር የሚጋርደን የአየር ክፍል ነው። የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች ከ1957 አካባቢ ጀምረው በአንታርክቲካ በረዶ ላይ ቆመው በቀድሞ ዘመን መሣሪያ ይለኩት ነበር። ከ1978 ወዲህ ደግሞ የአሜሪካ ሳተላይት ከላይ ሆና ትለካ ጀመር። ኦዞኑ እጅግ ሲቀንስ፣ የሳተላይቷን ቁጥር የሚያበጥረው የኮምፒዩተር ትእዛዝ በጣም ዝቅተኛውን ቁጥር አጠራጣሪ ነው ብሎ ምልክት አድርጎ ለየው። ጆሴፍ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን ግን በመሣሪያቸው ያዩትን ቁጥር ደጋግመው መርምረው በ1985 ለዓለም ገለጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1987 መንግሥታት በሞንትሪያል ተሰብስበው ኦዞንን የሚያጠፉት ኬሚካሎች እንዲቀነሱ ተዋዋሉ። ምልክቱ ከሳተላይቷ ቁጥር ውስጥ ነበረ፤ ነገር ግን «እንዲህ ያለ ነገር ሊሆን አይችልም» የሚል ግምት ቀድሞ በትእዛዙ ውስጥ ተጽፎ ነበር። መሣሪያውን በእጁ ይዞ ያልለካ ሰው የትኛው ቁጥር የመሣሪያ በሽታ፣ የትኛው የዓለም በሽታ እንደ ሆነ ለመለየት ይቸገራል።

ሦስተኛው ትዕግሥትን የሚያስተምረው ክፍል ነው፤ ይኸውም መረጃን በሥርዓት መያዝ ነው። ቻርልስ ኪሊንግ የተባለው ሰው በመጋቢት 1958 በሃዋይ ደሴት በማውና ሎዋ ተራራ ላይ በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለካት ጀመረ። ያን ጊዜ ከሚሊዮን የአየር ክፍል 315 ያህሉ ነበረ፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ኪሊንግ በ2005 እስኪሞት ድረስ ሥራውን አልተወም። ስለ ዓለም ሙቀት የሚናገሩ ሁሉ የሚጠቅሱት የዚህን ሰው መዝገብ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የመዝገቡ ክፍተት ነው። በ1964 የገንዘብ ቅነሳ ስለ ደረሰበት ለጥቂት ወራት መለካቱ ተቋረጠ። በመዝገቡ ላይ ያልተለኩት ወራት -99.99 ተብለው ይጻፋሉ፤ እንዲህ ያለ ቁጥር በአየር ውስጥ ሊኖር ስለማይችል ማንም ተለካ ብሎ አይሳሳትም። ክፍተቱን በግምት የሞላ ቁጥርም አለ፤ ግን በሌላ ዓምድ ግምት መሆኑ ተነግሮ ለብቻው ይቀመጣል። አላዋቂ ተማሪ የመዝገቡን ማብራሪያ ሳያነብ ያንን -99.99 ከእውነተኛው ቁጥር ጋር ደምሮ አማካዩን ቢያወጣ፣ አየሩ ድንገት የጸዳ ይመስለዋል። ያለኝን አለኝ፣ የሌለኝን የለኝም ማለት እንዴት ያለ ትልቅ ትምህርት ነው!

አራተኛው ሥነ ምግባርና የቃል ትርጉም ነው፤ ለዚህም ከገዛ አገራችን ምሳሌ አለ። እኛ ልጆች ሳለን «ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት 40 ከመቶዋ ደን ነበረ፤ አሁን የቀረው 3 ከመቶ ነው» ሲባል እንሰማ ነበር። ቃሉ ከሪፖርት ወደ ሪፖርት፣ ከንግግር ወደ ንግግር ሲተላለፍ ኖረ። የታሪክ ምሁሩ ጀምስ ማካን በ1997 ባወጣው ጽሑፍ ግን ይህ አነጋገር በቂ ማስረጃ የሌለው መሆኑን አሳየ። በኋላም መንግሥት በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት ባቀረበው ጥናት የአገሪቱ ደን 17.35 ሚሊዮን ሄክታር፣ ማለት 15.5 ከመቶ ነው አለ። ታዲያ ደኑ ከ3 ወደ 15.5 አደገን? አላደገም። አለካኩም ተለወጠ፤ «ደን» የሚለው ቃልም ትርጉሙ ተለወጠ። በ2015 በወጣው ትርጉም፣ ስፋቱ ከ0.5 ሄክታር የማያንስ፣ ቁመቱ ቢያንስ 2 ሜትር የሚደርስ፣ ቅርንጫፉም ከመሬቱ ቢያንስ 20 ከመቶውን የሚሸፍን ዛፍ ሁሉ ደን ተባለ፤ በቆላው ያለው ጥቅጥቅ ያለ የዛፍ ምድርና ቀርከሃውም አብሮ ተቆጠረ። ደኖቻችን መጨፍጨፋቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን እውነተኛውን ሐዘን በሐሰተኛ ቁጥር ማልቀስ አይገባም። የአካባቢ መረጃ ተማሪ «ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «ምን ብለን ቆጠርን?» ማለትን መልመድ አለበት። አገራችንም በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን የመሬት መመልከቻ ሳተላይት ከቻይና አስወንጭፋለች። ሳተላይት በገንዘብ ይገኛል፤ ቁጥሩን በሐቅ የሚያነብ ሰው ግን በትምህርትና በግብረ ገብነት ካልሆነ አይገኝም።

ይህን ሁሉ አስቤ ሳበቃ የአባቶቻችን ትምህርት ቤት ትዝ አለኝ። በዚያ ክሬዲት የሚባል ነገር አልነበረም። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ቆጥሮ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ መምህሩም ያርመዋል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል። ድጓ የተማረም ወደ ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክር ነበር፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረም ወደ ዙር አምባ ይወጣ ነበር። የሚጠየቀው ስንት ዓመት እንደ ተቀመጠ አልነበረም፤ የሚጠየቀው «ታውቀዋለህን?» የሚለው ብቻ ነበር። ምስክርነቱ የሚሰጠው ሌላውን ለማስተማር በቅቷል ለተባለ ሰው ነው። ዛሬም በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ ቢያንስ 50 ከመቶ ሳያገኝ እንዳይመረቅ ተደርጓል። ይህ ሥርዓት ያስለቀሳቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን በመሠረቱ ያው የጥንቱ «ታውቀዋለህን?» የሚለው ጥያቄ ነው።

የእኅቴ ልጅ ወደ መጨረሻው በር በደረሰች ጊዜ ያጋጠማት ነገር ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መልክ አመጣው። የመመረቂያ ሥራዋን ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ትሠራ ነበር። ሥራውም በአንዲት ትንሽ ከተማ አጠገብ በሚያልፍ ወንዝ ውስጥ በየ15 ደቂቃው የውኃውን ድፍርስነትና ሙቀት የሚመዘግብ መሣሪያ ያጠራቀመውን ቁጥር መርምሮ፣ ሕፃናት የሚዋኙበት ስፍራ መቼ መቼ መዘጋት እንዳለበት ለከተማው ሰዎች ማስታወቅ ነበረ። ሥራው ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ መሣሪያው በጸደይ ወራት ለ11 ቀን ቆሞ እንደ ነበረ ተገለጠላቸው። ከጓደኞቿ ሁለቱ «ከመቆሙ በፊት የነበረውንና ከተነሣ በኋላ ያለውን ቁጥር በቀጥታ መስመር እናገናኘው፤ ማን ያውቅብናል?» አሉ። አንደኛው ሥራ ተቀጥሮ ነበር፤ እርሷም እንደዚሁ በሰኔ የሚጀምር ሥራ ተሰጥቷት ነበር፤ መሥሪያ ቤቱም ዲግሪው በእጅ መሆን አለበት ብሎ ነበር።

በሌሊት ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ቤት ሁሉ ለምርቃቴ ተሰናድቷል። አባዬም ዘመዱን ሁሉ ጠርቷል። እርስዎ ምን ይሉኛል?» አለችኝ።

እኔም «ልጄ፣ እኔ የኮምፒዩተሩን ነገር አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ሪፖርቱን የሚያነቡት ሰዎች እነዚያ 11 ቀኖች አለመለካታቸውን ከጽሑፉ ያውቃሉን?» አልኋት።

«አያውቁም» አለች።

«በእነዚያ ቀኖች ዝናም ነበረን?»

ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «መሣሪያው የቆመው በጎርፉ ምክንያት ነው» አለችኝ።

«እንግዲያስ ከእኔ ምክር አያስፈልግሽም» ብዬ አሰናበትኋት።

በማግሥቱ ከጓደኞቿ ጋር ብዙ ተከራክረው በመጨረሻ ለመምህራቸው ነገሩት። መምህሩም ክፍተትን በግምት መሙላት በሙያው የተፈቀደ መሆኑን፣ ኃጢአቱ ግምቱን መለካት አስመስሎ ማቅረብ መሆኑን አስረድቶ፣ ሥራው ተስተካክሎ እስኪቀርብ ድረስ «ያልተጠናቀቀ» የሚል ምልክት ሰጣቸው። ስለዚህ ዲግሪያቸው ከግንቦት ወደ ነሐሴ ተላለፈ። ከወንዙ በታች ያለ የሌላ መሣሪያ መዝገብና የዝናሙን መጠን አስተያይተው ለ11ዱ ቀን ግምት አወጡ፤ ግምቱም ከየት እስከ የት ሊሳሳት እንደሚችል ጻፉ። ውጤቱ ውኃው በዓመቱ ውስጥ ይበልጥ የደፈረሰው ምናልባት በእነዚያው ቀኖች እንደ ነበረ የሚያሳይ ሆነ። ቀጥታው መስመር ቢሠመር ኖሮ የሚሸፍነው ይበልጥ መታየት የነበረበትን ነገር ነበር።

መሥሪያ ቤቱ ግን አልጠበቃትም፤ ቦታውን ለሌላ ሰጠው። አባቷም «ልጄ ወደቀች ማለት ነውን?» ብሎ አዘነ። በግንቦት በተደረገው የምረቃ በዓል ላይ ካባ ለብሳ ከጓደኞቿ ጋር እንድትሰለፍ ተፈቅዶላት ነበርና ተሰለፈች። በዚያ አገር በበዓሉ ላይ የሚታደለው ማኅደር አብዛኛውን ጊዜ ለሁሉም ባዶ ነው፤ እውነተኛው ወረቀት በኋላ በፖስታ ይመጣል። እርሷም ፎቶግራፉን ለዘመድ ሁሉ ስትልክ «ማኅደሩ ባዶ ነው፤ ወረቀቱ ሥራዬን ስጨርስ በነሐሴ ይመጣል» ብላ ጻፈችበት። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱም «ይህን መጻፍ ምን አስፈለጋት?» ብሎ ተቆጣ። እኔ ግን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአባቶች ቃል ካባ ለብሶ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሌላ ሥራ ያገኘችው ከብዙ ፍለጋ በኋላ በመከር ወራት ሲሆን፣ ደመወዙም ከፊተኛው ያነሰ ነበር። ይህን ሳልደብቅ የምጽፈው፣ እውነተኛ ሰው ወዲያውኑ ዋጋውን ያገኛል እያሉ ወጣቶችን ማታለል ስለማልወድ ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል እንጂ፣ በአንድ ሌሊት ይጠራል አልተባለም።

ደግሞም መስፈርት ሁሉ ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። በአሜሪካ አገር አንድ ሴሚስተር መጨመር ለድኻ ተማሪ ከባድ ዕዳ ነው። ከሁለት ዓመት ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወር ተማሪ ብዙ ጊዜ የተማረው ክሬዲት አይቆጠርለትም፤ አንዱን ትምህርት በሌላ ስም ሁለት ጊዜ ተምሮ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ሠርቶ አዳሪ የሆነና ልጅ የሚያሳድግ ተማሪም 5,400 ሰዓት ማግኘት እንደ ባለጸጋ ልጅ አይቀለውም። መስፈርትን የሚያወጡ ሰዎች ይህን ሊያስቡበት ይገባል፤ ቁናው ለአንዱ ሲሰፍር ተራራ፣ ለሌላው ሲሰፍር ልክ መሆን የለበትምና። ተማሪም የተበደለ እንደ ሆነ በአማካሪ መምህሩ በኩል በግልጥ ማመልከት መብቱ ነው። ነገር ግን መስፈርትን በግልጥ መቃወም አንድ ነገር ነው፤ በስውር መዝለል ሌላ ነገር ነው። የፊተኛው ሕጉን ያሻሽላል፤ የኋለኛው ሰውየውን ያበላሻል።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ በየትኛውም ሙያ ለምትማሩ ሁሉ ከዚህ ነገር ሦስት ምክር አወጣለሁ።

አንደኛ፣ የመመረቂያችሁን ዝርዝር በመጨረሻው ዓመት ሳይሆን በመጀመሪያው ወር አንብቡት። የትኛው ትምህርት የትኛውን እንደሚቀድም እወቁ፤ ካልኩለስ ሳትማሩ የስታትስቲክሱን ጥልቅ ክፍል አትይዙትም፤ አንዱን ያለ ጊዜው ብትተዉት አንድ ዓመት ሊያስቀራችሁ ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሁለተኛ፣ የማትወዱትን ትምህርት ስለ ምን እንደ ገባ ሳትጠይቁ አትናቁት። ሒሳብ የሚጠላ የመስክ ሠራተኛ ያየውን መመስከር አይችልም፤ መስክ የሚጠላ የሒሳብ ሰውም የሚመሰክረውን አላየም። ሁለቱን ያጣመረ ግን ለአገሩ ዓይንም አፍም ይሆናል።

ሦስተኛ፣ በቁጥራችሁ መካከል ክፍተት ሲኖር ክፍተቱን አሳዩ። ይህ ለወንዝና ለአየር ብቻ የተነገረ አይምሰላችሁ። ሐኪም ያልመረመረውን፣ ዳኛ ያልሰማውን፣ ጸሓፊ ያላየውን እንደ መረመረ፣ እንደ ሰማ፣ እንደ አየ አድርጎ ቢያቀርብ፣ የሚጎዳው ሪፖርቱን አምኖ ልጁን ወደ ወንዙ የሚሰድ ሰው ነው። ያ ሰው ስማችሁን አያውቅም፤ ዲግሪያችሁንም አላየም፤ ነገር ግን ሕይወቱን በቃላችሁ ላይ ጥሏል።

መስፈሪያ የሚለካው የሚታየውን ነው፤ ሰዓቱን፣ ውጤቱን፣ የተቆጠረውን ክሬዲት። ማንም ሬጅስትራር «ማንም በማያይበት ሰዓት ምን አደረግህ?» የሚል ዓምድ በመዝገቡ ላይ የለውም። የምርቃት ስፍራ እዚያ ነው። መምህር ተማሪውን ሲመርቅ «ከእንግዲህ እኔ ባልቆምሁበት ስፍራ ለእኔ ሆነህ ቁም» ማለቱ ነው። ቁናችሁ ይሙላላችሁ፤ በቁና የማይሰፈረውም አይጉደልባችሁ።